ኮከቡን ፋውንዴሽን አልሰጠንም፦ ስለ ባርንስታር ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሐሙስ ከሰዓት ድሬዳዋ ከዚራ ዛፍ ስር ሻይ እየጠጣን አንድ የሰፈራችን ልጅ ስልኩን ዘረጋልኝና "አቦ ይሄን አንብበው፣ ያንተን ነገር ነው የሚያወራው" አለኝ። አነበብኩት። ሁለቴ ነው እንደውም ያነበብኩት፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ። ርእሱ ስለ ዊኪፔዲያ ሽልማት ታሪክ ነው ይላል፣ ውስጡ ስትገባ ግን ግማሹ ታሪክ ግማሹ ምክር ነው፣ ታሪኩ ተሳስቷል፣ ምክሩ ደሞ የቆመው እሱ የተሳሳተው ታሪክ ላይ ነው፣ ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ላላነበባችሁት ባጭሩ የሚለው ይሄ ነው። ዊኪፔዲያ ላይ በነፃ የሚጽፉ ሰዎች እርስ በርስ የሚሰጣጡት ባርንስታር የሚባል የኮከብ ሽልማት አለ። ይሄን ኮከብ ዊኪፔዲያን የሚያስተዳድረው ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን በ2011 እ.ኤ.አ. ጸሐፊዎቹን ለማባበል ፈጠረው። ቅርፁ ከአሜሪካ ጦር ኒሻን የተቀዳ ነው። ማንም ተነስቶ ለራሱ ሊለጥፈው ስለሚችል ዋጋ የለውም። ትክክለኛው ሽልማት በዓመት አንዴ የሚሰጠው የዓመቱ ዊኪሚዲያን የሚባለው ነው፣ እሱን ደሞ አፍሪካዊ አግኝቶት አያውቅም። ሆኖም ሽልማት ስራን በ60 ፐርሰንት እንደሚጨምር በጥናት ስለተረጋገጠ የአማርኛውን ዊኪፔዲያ ለማሳደግ ድሬዳዋ ላይ ውድድር ይጀመርና ብዙ አርቲክል ለጻፈ ሰው በቁጥር እየተቆጠረ ካርድ፣ ስልክ፣ ላፕቶፕ ይሸለም። ይሄው ነው። አላጋነንኩም።

እኔ ተመራማሪ ምናምን አይደለሁም። ቀን ታይዋን ገበያ አካባቢ ሞባይል እጠግናለሁ፣ ማታ ማታ መብራት ካለ አማርኛው ዊኪፔዲያ ላይ ኤዲት አደርጋለሁ፣ ስድስት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ጽሑፉን የጻፍከውን ሰውዬ አንተ እያልኩህ ነው የምጽፈው ደሞ፣ እንዳትቀየመኝ። እድሜህን አላውቅም፣ አባቴም ልትሆን ትችላለህ፣ ግን እኛ ጋ ድሬም ሐረርም ለሽማግሌውም ለሹሙም አንተ ነው፣ እርስዎ ማለት የጀመርን ቀን ነው መፍራት ያለብህ።

እሺ ከ2011 እንጀምር። ኮከቡ ዊኪፔዲያ ውስጥ የገባው ዲሴምበር 2003 ነው፣ በኛ ሲቆጠር 1996 ገና ሲጀምር። ዊኪፔዲያ ራሱ የተከፈተው ጃንዋሪ 2001 ስለሆነ ሦስት ዓመት እንኳን አልሞላውም ነበር ማለት ነው። ፋውንዴሽኑ ደሞ የተቋቋመው ጁን 2003 ነው፣ የስድስት ወር ሕፃን ነው ያኔ፣ እንኳን ኮከብ ሊያድል። ኮከቡ የመጣው ሚትቦል ዊኪ ከሚባል ከሌላ ሰፈር ነው፣ እሱም ማንም ገብቶ የሚጽፍበት ድረ ገጽ ነው። ሚትቦልን በ2000 የከፈተው ሱኒር ሻህ የሚባል ሰው ነው፣ እዛ የሚሰበሰቡት ሰዎች ወሬያቸው ሁሉ የማይተዋወቁ ሰዎች ኦንላይን ላይ ሳይጣሉ አንድ ነገር አብረው እንዴት ሊሰሩ ይችላሉ የሚል ነበር። ኮከብ የመስጠት ሐሳቡ እዛ ነበረ፣ ከዛ አንዳንዱ ሰው ሁለቱም ቦታ ስለሚጽፍ ይዞት መጣ፣ አለቀ። ስብሰባ የለም፣ ማኅተም የለም፣ ደብዳቤ ቁጥር የለም።

2011ን ከየት እንዳመጣሃት ግን ቆይቶ ገባኝ። በዛ ዓመት ሁለት ነገር ሆኗል። ጁን ላይ ፋውንዴሽኑ ዊኪላቭ የምትባል ቁልፍ እንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ላይ አስገባ፣ የልብ ምልክት ነች፣ ስትነካት ኮከብ ወይ የድመት ግልገል ፎቶ ወይ ቢራ ወይ ባቅላቫ መርጠህ ለሰው ትልካለህ። ኦገስት ላይ ደሞ ሃይፋ ላይ በተደረገው ዊኪማኒያ፣ የዊኪፔዲያ ሰዎች ዓመታዊ ጉባኤ ነው፣ የዊኪፔዲያ መሥራቹ ጂሚ ዌልስ ያንን የዓመቱን ሽልማት ጀመረ። ሁለቱን ቀላቅለህ አንድ ታሪክ ሰራህ። ቁልፏ ስትመጣ ኮከቡ ሰባት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል'ኮ። ቴሌብር በኛ 2013 ስለመጣ ብር የተፈጠረው በ2013 ነው እንደማለት ነው ይሄ።

ይሄ የቀን ጉዳይ ብቻ ቢሆን ምላሽም አልጽፍም ነበር። ግን ማን ጀመረው የሚለው ነገር ላይ ነው ቀጥሎ ያለው ስህተትህ ሁሉ የተንጠለጠለው፣ ፋውንዴሽን የሰጠው ነው ካልክ ከላይ የሚወርድ ማበረታቻ ይሆናል፣ ከላይ የሚወርድ ከሆነ ደሞ በጀት ጨምረንበት በላፕቶፕ እንተካው ማለት ይመጣል።

ኒሻን ነው ያልከው ላይ ወላሂ ስቄያለሁ፣ ምክንያቱም እኔም መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሸሪፍ ደረቱ ላይ የሚለጥፋት ነገር ነበር የመሰለችኝ። አይደለችም። ባርን ማለት ጎተራውንም በረቱንም ድርቆሹንም አንድ ጣራ ስር የሚይዝ የገበሬ ትልቅ የእንጨት ቤት ነው። አሜሪካ ውስጥ በተለይ ፔንስልቬንያ አካባቢ ገበሬዎች ግድግዳው ላይ ከፍ አድርገው የብረት ወይ የእንጨት ኮከብ ለጌጥ ይሰቅላሉ፣ ባርንስታር እሱ ነው፣ የጎተራ ኮከብ በለው። ዊኪፔዲያ ላይ ያለው የመጀመሪያው ምስልም እንደዛ ዓይነት የብረት ኮከብ ነው፣ አምስት ጫፍ ያለው።

ጎተራ ምን አገናኘው ካልክ፣ እዛ አገር ድሮ አንድ ሰው ባርን ሲሰራ ጎረቤት ሁሉ ተጠራርቶ ይመጣና ግድግዳውን አንድ ላይ ያቆሙለታል፣ ነገ ደሞ የሌላኛውን። ሚትቦሎች ዊኪን ከዚህ ጋር ነው ያመሳሰሉት፣ ሁሉም እንጨት ይዞ መጥቶ አንድ ቤት ያቆማል፣ ባርኑ ላይ ያለው ኮከብ ደሞ ለለፋው ሰው ምስጋና ሆነ። አሁን ይሄንን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት ምን ይከብዳል? ደቦ ነው'ኮ! እኛ አካባቢ የሐረርጌ ገበሬ ጉዛ የሚለው። ማሽላ ሊታጨድ ጎረቤት ተጠርቶ ሲመጣ የቤቱ ባለቤት ምግቡን ጫቱን ያቀርባል፣ ማንም ግን ለስንት ብር ነው የመጣኸው ብሎ አይጠይቅም፣ ነገ የሱ ተራ ነውና። ጽሑፍህ ውስጥ ደቦ የሚል ቃል አንድ ጊዜ አለመኖሩ ነው የገረመኝ፣ የውጪውን ነገር በእጃችን ባለ ቃል መግለጽ እየተቻለ ኒሻን ድረስ ምን አስኬደህ።

ማንም ለራሱ ይለጥፈዋል ያልከው ግማሽ እውነት አለው፣ ግማሹን እሰጥሃለሁ። ባርንስታር ለመስጠት ፈቃድ አያስፈልግም፣ አድሚን መሆን አያስፈልግም፣ ድምፅ አይሰጥበትም፣ ኮሚቴ የለውም። የሰውየው የውይይት ገጽ ላይ ትሄዳለህ፣ ኮከቡን ትለጥፋለህ፣ ለምን እንደሰጠኸው አንድ ሁለት መስመር ትጽፋለህ፣ መጨረሻ ላይ አራት የሞገድ ምልክት (~~~~) ትመታለህ፣ እሷ ወደ ስምህና ወደ ሰዓቱ ትቀየራለች። (በስልክ ስትሰራ ይቺ ሞገድ የአማርኛ ኪቦርድ ላይ አትገኝም፣ ወደ እንግሊዝኛ ቀይረህ፣ ምልክት ውስጥ ገብተህ፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው ያለችው፣ አራቴ ለመምታት ሻይ ይፈላል።) ነገሩ ያለው እዚች ሞገድ ላይ ነው። ስም ይወጣል። ለራሱ የለጠፈ ሰው የራሱ ስም ነው ስሩ የሚወጣው፣ የገጹ ታሪክ ውስጥም ለዘላለም ተጽፎ ይቀራል፣ ደፍሮ የሚያደርግ ካለ እሰየው፣ ሳቅ እናገኛለን።

አንተ ያልከው ሰው ለራሱ የሚወስደው ነገር ግን የለም አይደለም፣ አለ። ሰርቪስ አዋርድ ይባላል። እሱ በኤዲት ብዛትና በቆየህበት ጊዜ የተሰራ ደረጃ ነው፣ ቁጥሩን ስትደርስ ራስህ ወስደህ ገጽህ ላይ ትለጥፋለህ፣ ማንም አይሰጥህም። የወታደር ማዕረግ የሚመስል ነገር ከፈለግክም እሱ ነው የሚቀርበው። እሱን ከባርንስታር ጋር ቀላቅለኸዋል። አንዱ ቆጥረህ የምትወስደው ነው፣ ሌላው ያየህ ሰው የሚሰጥህ።

ያየህ ሰው ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በራሴ ልንገርህ። እኔ አርቲክል ጸሐፊ አይደለሁም፣ የረባ ድርሰት አይወጣኝም። የኔ ስራ ነጥብ ነው። ስንቱ ሰው አራት ነጥብ ሲጽፍ ሁለት ነጥቧን ሁለቴ ይመታል፣ "፡፡" እንዲህ፣ ሌላው የእንግሊዝኛውን ኮለን ሁለቴ ይመታል፣ ለዓይን አንድ ይመስላሉ፣ ለማሽን ግን ሌላ ናቸው፣ መስመር መጨረሻ ላይ አንዷ እላይ ሌላዋ ታች ትወርዳለች። እኔ እየዞርኩ ወደ "።" እቀይራለሁ። ሁለተኛው ስራዬ ደሞ ሪዳይሬክት ነው። ሐረር ብለህ ስትፈልግና ሀረር ብለህ ስትፈልግ አንድ ገጽ ላይ መድረስ አለብህ አይደል፣ ድሬዳዋ ገጥሞም ድሬ ዳዋ ተለያይቶም። የሐረር በሮች ጋ ስትመጣማ ጉድ ነው፣ የጁገል አምስቱ በሮች እያንዳንዳቸው በሐረሪ ሌላ በአማርኛ ሌላ ስም አላቸው፣ አሱም በሪ ያለህ ሰው ፈላና በር ማለቱ ነው፣ በድሮ በሪ ቡዳ በር ነው፣ እዚህ ላይ ደሞ የሀ፣ የሐና የኀ ጣጣ ጨምርበት። ይሄን ስራ ማንም አያየውም፣ በደንብ ከተሰራ የሚታይ ነገር ስለሌለው።

አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ቆይቶ ሲመጣ ስልኬን ሳበራ የውይይት ገጼ ላይ መልእክት አለ ይላል። አንድ በቅጽል ስሙ ብቻ የማውቀው አዘጋጅ፣ የት አገር እንዳለ እንኳን አላውቅም፣ ኮከብ ለጥፎልኛል። ቴምፕሌት የሚባለውን ዝግጁ ቅጽ አልተጠቀመም፣ ምስሉን ከኮመንስ፣ ከዊኪሚዲያ የፎቶ ማከማቻ፣ አምጥቶ በእጁ ነው ያስገባው፣ ትንሽ ወደ ግራ ዘምማለች። የጥቃቅን ኤዲት ኮከብ የሚባለውን ነው የሰጠኝ፣ አዎ እንደሱ የሚባል አለ፣ ለትናንሽ እርማት የሚሰጥ። ስሩ "ያንን ሁሉ ነጠብጣብ የማየው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር" ብሎ ጽፏል። አንድ መስመር። ላፕቶፕ ብትሰጠኝ እቀበልሃለሁ፣ ውሸት አልናገርም፣ ሸጬ ኪራይ እከፍልበታለሁ፣ ያቺን መስመር ግን እስካሁን አልሸጥኳትም።

ይሄ የኔ ስሜት ብቻ ነው እንዳትለኝ። በ2008 ክሪፕሊን፣ ቤስቻስትኒክና ማክዶናልድ የሚባሉ ተመራማሪዎች ከእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ 2,400 ባርንስታር በናሙና ወስደው ከኮከቦቹ ስር የተጻፈውን መስመር አንድ በአንድ አነበቡት። ያገኙት ነገር ሰው የሚመሰገነው አርቲክል ስለጻፈ ብቻ አለመሆኑን ነው፣ ጠብ ያበረደ፣ አዲስ ሰው ያስተማረ፣ የሚያበላሹትን ሲያባርር ያደረ፣ አስተዳደራዊ ጣጣ የጨረሰ፣ ቴምፕሌት የሰራ ሁሉ አለበት። ኤዲት ቆጣሪ ላይ እነዚህ ሰዎች ምንም ላይመስሉ ይችላሉ። ዋጋ የለውም ያልከው ኮከብ ለተመራማሪ እንኳን እዚህ ማኅበር ውስጥ ምን ስራ እንደሚከበር የሚያሳይ መዝገብ ሆኖለታል።

የዓመቱ ዊኪሚዲያን ላይ ብዙ አልቆይም ምክንያቱም ስህተቱ ግልጽ ነው። አፍሪካዊ አላገኘውም ብለሃል። በሁለተኛው ዓመት በ2012 ነው የዮሩባው ዊኪፔዲያ ላይ የሚሰራ ናይጄሪያዊ ያገኘው። በ2017 ጋናዊው ፊሊክስ ናርቴይ፣ በ2019 ቱኒዚያዊቷ ኢምና ሚዙኒ፣ በ2020 ጋናዊቷ ሳንዲስተር ቴይ፣ በ2022 ናይጄሪያዊው ኦሉሾላ ኦላኒያን። አምስት ቆጠርኩልህ፣ ይሄን ለማወቅ የአንድ ደቂቃ ፍለጋ ነበር የሚበቃህ አቦ። ስሙም እስከ 2017 የዓመቱ ዊኪፔዲያን ነበር፣ ከዛ ነው ዊኪሚዲያን የተባለው።

ትክክለኛው ሽልማት እሱ ነው የሚለው ሐሳብህ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ያነጋግራል። እሱን ሽልማት የጀመረው ጂሚ ዌልስ ነው፣ መድረክ ላይ ነው የሚታወጀው፣ ጭብጨባ አለው። ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። በ2014 ለንደን ላይ ለኢሆር ኮስተንኮ ሲሰጥ እሱ በሕይወት አልነበረም፣ ያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ኪየቭ ውስጥ በተቃውሞው መሃል ተገድሎ ነበር፣ የዩክሬንኛው ዊኪፔዲያ ላይ የሚጽፍ ገና ወጣት ልጅ። እንደዛ ዓይነት ነገር ከጎረቤት ለጎረቤት በሚሰጥ ኮከብ አይሸፈንም፣ ትልቅ መድረክ ያስፈልገዋል። ግን ከላይ የሚሰጥ ሽልማት የራሱ ጣጣ አለው። የመጀመሪያው ዓመት ተሸላሚ የካዛክኛውን ዊኪፔዲያ ያሳደገው ራውአን ኬንዠኻኑሊ ነበር፣ የአርቲክሉ ቁጥር በጣም ጨመረ፣ የጨመረው ግን በከፊል መንግስት ያሳተመውን ብሔራዊ ኢንሳይክሎፒዲያ በማስገባት ነው፣ ማኅበሩ የመንግስት ፈንድ ድጋፍ ነበረው፣ ሰውየውም በኋላ የአንድ ክልል ምክትል አስተዳዳሪ ሆነ፣ ከዛ ሽልማቱ ብዙ ተተቸ። እኔ ሰውየውን ለመኮነን አይደለም ያነሳሁት። ከሩቅ ሆነህ ስትሸልም የሚታይህ ቁጥር ነው፣ ገጹን ከፍቶ የሚያነበው ደሞ እዛው ቋንቋው ውስጥ ያለው ሰው ነው፣ ለማለት ነው።

አሁን ወደ 60 ፐርሰንቷ። ይቺን ቁጥር ሰው ሁሉ ነው የሚጠቅሳት፣ ጥናቱን ግን የሚያነበው ጥቂት ነው።

ጥናቱ እውነት አለ፣ በ2012 ፕሎስ ዋን የሚባል የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጥቷል፣ የስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሬስቲቮና ቫን ደ ራይት ናቸው የሰሩት። ግን እነማን ላይ እንደሰሩት አልጻፍክም። ከእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ብዙ ከሚሰሩት ከላይኛው 1 ፐርሰንት ነው 200 ሰው የመረጡት፣ ለ100ው በዕጣ ኮከብ ለጠፉላቸው፣ ለቀሩት 100 አልሰጡም፣ ከዛ 90 ቀን ተከታተሉ። ኮከብ ያገኙት ካላገኙት 60 ፐርሰንት የበለጠ ሰሩ፣ ሌላ ሰው መጥቶ ተጨማሪ ኮከብ የሚሰጣቸው ዕድልም ስድስት እጥፍ ሆነ። በጣም ደስ የሚል ውጤት ነው። ብር የለበትም፣ ካርድ የለበትም፣ እነዚህ ሰዎች ግን ዱሮውንም ሌት ተቀን የሚሰሩ ናቸው። ቀድሞውኑ ጉዛ ላይ ማጭዱን ይዞ ፊት የሚቀድመውን ሰው ነው "ጎበዝ!" ያሉት።

እነሱው ራሳቸው ደሞ በ2014 ሌላ ጥናት አወጡ፣ አንተ ያላነሳሃትን። ይሄንኑ ኮከብ ትንሽ ትንሽ ለሚሰሩትም ቢሰጥስ ብለው ሞከሩት። ስራው የጨመረው አሁንም ብዙ የሚሰሩት ጋ ብቻ ነው፣ ትንሽ የሚሰሩት ጋ ጭራሽ ኮከቡ የመጣላቸው ሰዎች የመቆየት ነገራቸው ቀነሰ። ቀነሰ! ሽልማት ካለ ሁሉም ይነቃል የሚለው ምክርህ እዚህ ጋ ነው የሚወድቀው። ለምን ቀነሰ ለሚለው የኔን ግምት ልንገርህ፣ ግምት ነው። ሁለት ፊደል ያረምኩ ቀን አንድ የማላውቀው ሰው መጥቶ ስለ ታላቅ አስተዋፅኦህ ቢለኝ የምጠረጥረው እሱን ነው፣ አላየኝማ፣ ቢያየኝ እንደዛ አይልም ነበር። ወይ ደሞ በቃ ድርሻዬን ተወጣሁ ብዬ ልሄድ እችላለሁ።

ነገሩ እዚህም አያልቅም፣ ለአንተ የሚያግዝ ጥናትም አለ፣ ደብቄ አላልፈውም። ያና ጋሉስ የምትባል ተመራማሪ በጀርመንኛው ዊኪፔዲያ ላይ ከ4,000 በላይ አዲስ ጀማሪዎችን ይዛ ሰርታ በ2017 አሳትማለች። እዛ የተሰጠው ኤደልቫይስ የሚባል የአበባ ሽልማት ነው፣ በየወሩ ለተመረጡ ጀማሪዎች ይሰጣል፣ ስማቸውም ዝርዝር ላይ ይወጣል። ያገኙት ጀማሪዎች በሚቀጥለው ወር የመቆየታቸው ነገር 20 ፐርሰንት አካባቢ ጨመረ፣ ውጤቱም እስከ ዓመት ድረስ ቀጠለ። ስለዚህ ጀማሪ ላይ አይሰራም ብዬ አልከራከርህም። ግን እሱም ብር አይደለም፣ ቆጠራም አይደለም፣ እንኳን ደህና መጣህ፣ አይተንሃል፣ ስምህ ይኸው ከእነ እገሌ ጎን፣ ነው። ሦስቱን ጥናት አንድ ላይ ስታያቸው አንዳቸውም ላፕቶፕ አልሸለሙም። አንተ ግን ስለ ኮከብ የተሰራ ጥናት ይዘህ ላፕቶፕ ጋ ደረስክ፣ መንገዱን አላሳየኸንም።

ውድድሩን በተመለከተ ልምድ አለኝ፣ መራራ ነው። አዘጋጁን አልጠራም፣ ስሙ ለዚህ ጉዳይ አይጠቅምም፣ ብዙ አርቲክል ያስገባ ይሸለማል የተባለበት አንድ ወቅት ነበር። ልጆቹን አልፈርድባቸውም፣ ስልክ ታያለህ፣ ትሮጣለህ። የእንግሊዝኛውን ኮፒ አድርገው ትርጉም ማሽን ውስጥ ከተቱት፣ የወጣውን ሳያነቡ ለጠፉት። ከዛ ውስጥ እስካሁን የማልረሳት አለች፣ ድሬዳዋ በደቻቱ ወንዝ ባንኮች ላይ የተቀመጠች ከተማ ነች ትላለች። ባንኮች! የወንዝ ዳር በእንግሊዝኛ ከገንዘብ ባንክ ጋር አንድ ቃል ስለሆነ ነው። ደቻቱ በጋ ላይ አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገርበታል፣ ክረምት ላይ ደሞ ሲመጣ ማንንም አያስቆምም፣ ባንክ መክፈቱን ግን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ያንን ወቅት ለማፅዳት ወራት ፈጅቶብናል፣ ሁለት ሦስት ሰው ነን፣ አንዱ ሰለቸውና ሄደ። እሱ ሰውዬ መሄዱ ነው የሚያናድደኝ፣ በዓመት ውስጥ ከመቶ አርቲክል በላይ ዋጋ የነበረው ሰው ነው፣ ማንም ኮከብ ሳይሰጠው ሄደ፣ እኔም አልሰጠሁትም፣ ነገ ነገ እያልኩ።

የአማርኛው ዊኪፔዲያ ወደ 15 ሺህ አርቲክል አካባቢ ነው ያለው፣ አፋችንን ለሚናገረው ሕዝብ ብዛት ትንሽ ነው፣ እዚህ ላይ እስማማለሁ። ግን ቁጥር በራሱ ግብ ከሆነ ፊሊፒንስ ውስጥ የሚነገረው የሰቡዋኖ ቋንቋ ዊኪፔዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ አርቲክል አለው፣ አብዛኛውን የጻፈው ስዊድናዊ የሰራው ቦት፣ በራሱ የሚጽፍ ፕሮግራም ነው፣ ሄደህ የሚያነበው ሰው ካለ ቁጠርልኝ። የስኮትኛውን ደሞ በ2020 ሰው ሲነቃበት ቋንቋውን የማይችል አንድ አሜሪካዊ ልጅ ለዓመታት በሺዎች የሚቆጠር አርቲክል ሲጽፍበት ኖሯል። ቢወዳደሩ ሁለቱም ላፕቶፑን ይወስዱት ነበር።

ለሐሳብህ ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ካለና የግድ አንድ ነገር ላድርግ ካልክ እኔ የማውቀውን ልንገርህ። ሐረር ላይ የድሮ መጽሐፍና ወረቀት ይዘው የተቀመጡ ሰዎች አሉ፣ ስካነር ይዘህ ፈቃድ ጠይቀህ ሂድ። የኛ ችግር ምንጭ ነው፣ አንድ ሰው ስለ ሹዋሊድ ልጻፍ ቢል ዩኔስኮ በ2023 መመዝገቡን የሚጠቅስበት ገጽ ያገኛል፣ ከዛ በፊት እንዴት ይከበር እንደነበር የሚጠቅስበት በአማርኛ የታተመ ነገር ግን በስልኩ አያገኝም። ዳታ ገዝተህ ለሚሰሩት ልጆች ስጥ፣ ለብዛት ሳይሆን እንዲሁ፣ እንደ ጉዛ ምሳ። ከዛ ማታ ላይ አስር ደቂቃ ወስደህ የቅርብ ለውጦች የሚለውን ገጽ ክፈትና ማን ምን እንዳደረገ አንብብ። በኦሮምኛውም በሶማልኛውም እንዲሁ፣ ድሬ ውስጥ ሦስቱንም የሚያነብ ሰው አይጠፋም። ኮከብ መስጠት ከከበደህ አመሰግናለሁ የምትል ቁልፍ አለች፣ ከ2013 ጀምሮ ያለች፣ ከእያንዳንዱ ኤዲት ጎን ነች፣ አንዴ ነው የምትነካት።

አንድ ነገር ቀርቷል። መግቢያህ ላይ ድሬዳዋ በ1902 ዓ.ም ባቡር ሲገባ የተቆረቆረች ብለሃል። 1902 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ ዲሴምበር ላይ ነው የደረሰው፣ ሐረር ለመውጣት ተራራው ስላስቸገረ እዚህ ቀረ፣ ለዛ ነው መጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለችው። ዓ.ም ካልክ 1895 ታኅሣሥ ነው የሚሆነው። ሰው ከጽሑፍህ ኮፒ አድርጎ ዊኪፔዲያው ላይ ያለው የድሬዳዋ ገጽ ላይ ማስገባት ጀምሯል፣ ትላንት ማታ አንዱን ወደነበረበት መልሻለሁ፣ አንተ ጋ ያለውን ግን እኔ ማረም አልችልም፣ እባክህ አስተካክለው።